ከደመወዝ በሚተርፈው በጀት፦ ብዝኃነትና አካታችነት በባቲና በከሚሴ መሥሪያ ቤቶች

በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫው ከሚሴ ሲሆን፣ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ ደዋ ሃረዋን፣ አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን ያስተዳድራል፤ በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ዕውቅና ከሰጣቸው የብሔረሰብ አስተዳደሮችም፣ ከአዊና ከዋግ ኽምራ ጋር፣ አንዱ ነው። አስተዳደሩ የቆመው በክልሉ በቁጥር ያነሰ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው እንዲማር፣ እንዲዳኝና እንዲገለገል ታስቦ ነው፤ ስለዚህም በዞኑ መሥሪያ ቤቶች አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር የሚመጣውና ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ደብዳቤ ግን የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛን ይከተላል። በክልል ደረጃ አናሳ የሆነው ሕዝብ በዞኑ ውስጥ አብላጫ ይሆናል፤ በክልሉ አብላጫ የሆነው ደግሞ በተራው አናሳ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል አርጎባው አለ፣ ለገበያ፣ ለሕክምናና ለጉዳይ ከምሥራቁ ቆላ የሚወጣው አፋርም አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪ የተመዘገበበት ይህ ዞን፣ አናሳነት በሰው ላይ ለዘለቄታው የተለጠፈ ጠባይ ሳይሆን ሰው በቆመበት ቦታ የሚለዋወጥ ሁኔታ መሆኑን ለማየት ከብዙ አካባቢዎች ይልቅ የተመቸ ነው።

በሥራ ቦታ ረገድ ብዝኃነት የሚባለው ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸው፣ ጾታቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የአካል ሁኔታቸውና የኑሮ መነሻቸው የተለያየ ሠራተኞች በአንድ መሥሪያ ቤት መገኘታቸው ሲሆን፣ ይህም በቆጠራ የሚታወቅ ነገር ነው። አካታችነት ግን እነዚሁ ሠራተኞች ከተቀጠሩ በኋላ ሌላው የማይገጥመው መሰናክል ሳይገጥማቸው መሥራት፣ በስብሰባ ላይ መደመጥ፣ የሥልጠናና የደረጃ ዕድገት ተካፋይ መሆን፣ ቅሬታ ሲኖራቸውም ያለ ፍርሃት ማቅረብ መቻላቸውን የሚመለከት ነው። ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ሴቶች የሆኑበት፣ ነገር ግን ሴቶቹ በሙሉ በጽዳት፣ በተላላኪነትና በመዝገብ ቤት የተመደቡበት ጽሕፈት ቤት ብዝኃነት አለው፤ አካታችነት የለውም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ የሚሞላው ሠንጠረዥ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ በመሆኑ፣ ሁለተኛው በቀላሉ ይዘነጋል።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ሁለቱንም በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ማራመድ እንደሚቻል ነው፤ ለዚህም የወረዳን የገንዘብ አያያዝ በአጭሩ መረዳት ያስፈልጋል። ወረዳ በዋናነት የሚተዳደረው ክልሉ በቀመር በሚያከፋፍለው ጥቅል በጀት ሲሆን፣ ጥቅል በጀት ማለት ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው ያልተማከለ አሠራር መሠረት የወረዳው ምክር ቤት ራሱ አጽድቆ ለየመሥሪያ ቤቱ የሚደለድለው ገንዘብ ነው። የዚህ ገንዘብ አብዛኛው ክፍል ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች እንዲሁም ለአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ የሚውል በመሆኑ፣ የሚተርፈው ለወረቀት፣ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለጥገና ሲከፋፈል ያልቃል። በዚህ ሁኔታ አካታችነትን በአዳራሽ ኪራይ፣ በአማካሪና በባነር መጀመር ማለት ሐሳቡን ከጅምሩ መግደል ነው፤ በረጂ ድርጅት ገንዘብ ቢጀመር እንኳ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ አብሮ ይዘጋል። መገለል ግን በአብዛኛው የሚፈጸመው ማንም ልብ በማይላቸው የዕለት ተዕለት ውሳኔዎች፣ ማለትም ማስታወቂያው በሚለጠፍበት ቀን፣ ፈተናው በሚሰጥበት ቋንቋ፣ ቢሮው በሚገኝበት ፎቅ፣ ስብሰባው በሚጠራበት ሰዓት አማካይነት ነው፤ እነዚህ ውሳኔዎች በጀት ኖረም አልኖረ መወሰናቸው ስለማይቀር፣ በሌላ መልክ መወሰናቸው የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ መያያዝ አለበት፤ ርካሽ የሚመስል እርምጃ ሁሉ ርካሽ አይደለም፣ ወጪው ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ወጥቶ በዝቅተኛው ሠራተኛ ጫንቃ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለና።

የሰኞ ገበያና የማስታወቂያ ሰሌዳ

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የወሎ ከፍታ ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት ጠርዝ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከአራቱ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል፤ በንግድ ዓለም ግን የምትታወቀው በሰኞ ገበያዋ ነው። በዚህ ገበያ አፋሩ ግመልና ፍየል ነድቶ፣ ደገኛው እህል ጭኖ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ያለውን ይዞ ሲገናኝ፣ ከሻጭና ከገዢ መካከል ሁለትና ሦስት ቋንቋ እያቀያየረ የሚነጋገረው ብዙ ነው። በጅሌ ጥሙጋ የሚገኘው የሰንበቴ የእሑድ ገበያም በአነስተኛ መጠን ተመሳሳይ መልክ አለው። ከገበያው ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው የመንግሥት ቢሮ ግን የቋንቋውም ሆነ የሰው ስብጥሩ በግልጽ ሊቀንስ ይችላል፤ ለዚህም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የቅጥር ማስታወቂያ አወጣጥ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ለአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት የሚቆይ ማስታወቂያ ቢኖር፣ ከሰኞ በቀር ከተማ የማይወጣው የገጠር ወጣት የሚያየው በመጨረሻው ቀን ነው፤ የትምህርት ማስረጃውን ከቤት ሊያመጣ ቢመለስ ምዝገባው ተዘግቶ ይጠብቀዋል። በዚህ ሂደት ማንም ሰው ማንንም ለማግለል አላሰበም፤ ውጤቱ ግን ታስቦበት ከተደረገው የሚለይ አይሆንም። ክፍተቱን የሚሞላው ደግሞ ትውውቅ ነው፤ ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን በቅድሚያ የሚሰማው አስቀድሞ በቢሮው ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው በመሆኑ፣ መሥሪያ ቤቱ ከዓመት ዓመት ራሱን የሚመስሉ ሰዎችን ይቀጥራል። ማስታወቂያው ሁለት ሰኞዎችን እንዲያካትት ማድረግ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መጻፍ፣ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ማስነገር፣ ለአፋርኛ ተናጋሪውም በቃል ማሰማት፣ ከጁምዓ ሶላትና ከቅዳሴ በኋላ በየደጃፉ እንዲነገር መጠየቅ የሚያስወጣው ጥቂት ወረቀትና የአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ጊዜ ነው።

ከማስታወቂያው ቀጥሎ የሚመጣው የምልመላ ዘዴ ነው። የቃል ፈተና የሚሰጡ ሰዎች ለአንዱ አመልካች ስለ ትውልድ ቀበሌው፣ ለሌላው ስለ ሥራው የሚጠይቁ ከሆነ፣ የሚሰጡት ነጥብ የሚለካው ብቃትን ሳይሆን መቀራረብን ነው። ጥያቄዎቹንና የነጥብ አሰጣጡን አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፣ የጽሑፍ ፈተናውን በስም ፈንታ በኮድ ማረም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ያለ እነዚህ ሕጉ ራሱ አይሠራም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሴት አመልካች ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ስታገኝ ቅድሚያ እንድታገኝ ይደነግጋል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ለአካል ጉዳተኛው ቅድሚያ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ድንጋጌ የድጋፍ እርምጃ ይባላል፤ ቀደም ሲል ተገልሎ የቆየን ወገን ወደ እኩል መነሻ ለማምጣት የሚሰጥ የተወሰነ ቅድሚያ ማለት ነው። ነጥብ በጽሑፍ ካልተያዘ ግን እኩልም ሆነ ተቀራራቢ የሚባል ውጤት ሊታወቅ ስለማይችል፣ ቅድሚያው በአዋጅ ላይ ብቻ ይቀራል። በብዙ ቦታ የድጋፍ እርምጃ አልሠራም ሲባል የሚሰማው ወቀሳ መነሻው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

መስፈርቱን ከቦታው ጋር ማገናዘብ

በኢትዮጵያ ውስጥ በዝቅተኛ ወጪ ከተካሄዱ አካታች ቅጥሮች ሁሉ ትልቁ የሚባለው በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፤ ይሁንና ስለ ብዝኃነት በሚደረጉ ውይይቶች ላይ ስሙ እምብዛም አይነሣም። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ ሠራተኞቹም ሴቶች፣ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩና 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ እንዲሆኑ፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነውም በደመወዝ እንዲቀጠሩ ወሰነ፤ በዚህም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ከዚያ በፊት በመንግሥት ደመወዝ ወደማይታወቁበት የገጠር የሥራ ዓለም ገቡ። ለዚህ ውጤት ስለ ጾታ እኩልነት የተዘጋጀ ዘመቻ አላስፈለገም፤ የቅጥር መስፈርቱ አጻጻፍ ብቻውን አከናወነው። የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን በአርብቶ አደር አካባቢዎች የሆነው ነው፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች በበቂ ቁጥር ባልተገኙበት ቦታ የትምህርት ደረጃው ዝቅ እንዲል፣ ወንዶችም እንዲገቡ ተፈቀደ። መስፈርት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሥራው ከሚጠይቀውና አካባቢው ካለው ሰው ጋር ተገናዝቦ የሚሻሻል መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የአገር ውስጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ፕሮግራሙ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሠራተኞቹ ለረጅም ጊዜ በአነስተኛ ደመወዝና በጠባብ የደረጃ ዕድገት የሠሩ ሲሆን፣ ከቀበሌያቸው ወደ ሌላ ቦታ መዛወርም ቀላል አልነበረም፤ ማለትም በሩ ተከፍቶላቸው ደረጃው ግን አልተሠራላቸውም። አንድ የባቲ ወይም የከሚሴ ጽሕፈት ቤት የሥራ መደቦቹን መስፈርት ሲመረምር ሁለቱንም ጥያቄ አብሮ ማንሣት አለበት፤ ለጥበቃ ሠራተኛ የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃ በእርግጥ ለጥበቃ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን፣ እንዲሁም በጥበቃነት የገባው ሰው በማታ ተምሮ ሲመረቅ የሚወዳደርበት መደብ አለ ወይ የሚለውን።

የማይከፈለው አስተርጓሚ

የቋንቋ ጉዳይ በዚህ ዞን ከሌላው ሁሉ የሚልቅ በመሆኑ ረዘም ያለ ትኩረት ይገባዋል። አፋርኛ ብቻ የምትናገር እናት ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ ወይም አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ አፋን ኦሮሞ ወደሚሠራበት ቢሮ ሲገባ፣ የተለመደው መፍትሔ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከግቢው መፈለግ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከባለሙያዎቹ ይልቅ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም የጥበቃ ሠራተኛው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ተገልጋዩ ይረዳል፣ መሥሪያ ቤቱም ያለ ወጪ ችግሩን ይወጣል፤ ወጪውን የሚከፍለው ግን የራሱ ሥራ ሳይቀነስለት የተጨመረበት፣ በውጤት ምዘናው ላይ ስለ ማስተርጎሙ አንዲት ነጥብ የማያገኝ፣ በደመወዝ እርከን መጨረሻ ላይ ያለ ሠራተኛ ነው። የበሽተኛዋ ምሥጢርም የሙያ ግዴታ በሌለበት ሰው ጆሮ ያልፋል። በነፃ የተገኘ አካታችነት ዋጋው ለማን እንደተላለፈ መጠየቅ ያለበት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በፍርድ ቤት ጉዳዩ የተለየ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተከሰሰ ሰው ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ስለሰጠው፣ ማስተርጎም እዚያ የደግነት ሳይሆን የሥርዓት ጉዳይ ነው። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እዚያ ደረጃ እስኪደርሱ ድረስ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የቋንቋ ችሎታ በግል ማኅደሩ ውስጥ መመዝገብ፣ ማስተርጎምን በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ መጻፍ፣ ለዚህ የሚውለውን ሰዓት ከመደበኛ ሥራው መቀነስ፣ በምዘናም ነጥብ መስጠት ይችላሉ፤ ምሥጢር ስለመጠበቅም የአንድ ገጽ ግዴታ ማስፈረም ይገባቸዋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ የማኔጅመንት ስብሰባ የሚወሰኑ ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ አፋርኛ፣ ሶማልኛና ትግርኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ መወሰኑ ሲታሰብ፣ በባቲ ገበያ የሚሰሙት ሦስት ዋና ዋና ቋንቋዎች በሙሉ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ፤ ሦስቱንም የሚናገር የባቲ ልጅ የያዘው ችሎታ በምልመላ ላይ ዋጋ ሊሰጠው የሚገባ ነው።

በሠራተኞች መካከልም ቢሆን ቋንቋ መሰናክል ይሆናል። ለሥራው በእርግጥ የሚያስፈልግ የቋንቋ ችሎታን መጠየቅ ተገቢ ሲሆን፣ ከሕዝብ ጋር ለማይገናኝ የሒሳብ ወይም የጥገና ሠራተኛ ፍጹም የሆነ ችሎታ መጠየቅ ግን ሰውን በትውልዱ ማጣራት ይሆናል፤ ይህም አፋን ኦሮሞን ገና እየተማረ ላለው በከሚሴም፣ አማርኛው ለሚከብደው በባሕር ዳርም እኩል ይሠራል። የስብሰባው ዋና ነጥቦች በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች በሁለተኛው ቋንቋ ቢደገሙ፣ ዝም ብለው ሲወጡ የነበሩ ሠራተኞች ምን ያህል ሐሳብ እንደነበራቸው ይታወቃል።

የአርብ ቀትር

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰኞ እስከ ሐሙስ የምሳ ዕረፍት ከ6፡30 እስከ 7፡30 ሲሆን፣ አርብ ግን ከ5፡30 ተጀምሮ እስከ 7፡30 ይዘልቃል፤ ይህም ሙስሊም ሠራተኞች ለጁምዓ ሶላት እንዲደርሱ ያስችላል። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ሰዓት መሆኑም ከዚሁ ስሌት ጋር ይገጥማል፤ አራቱ ቀናት ስምንት ስምንት ሰዓት፣ አርብ ሰባት። እርምጃው አንድም ሰው ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ አንድም ሰው እንዲታዘብ ሳያደርግ ሁሉም በአንድነት የሚወጣበት በመሆኑ፣ ከልዩ ፈቃድ የተሻለ ነው፤ የተለየ አያያዝ የሚሰጠው ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ እንደ ተቀማጠለ መታየቱ የማይቀር ነውና። የሙስሊሞች በዓላት ብሔራዊ በዓላት የሆኑትም በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍና ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ተከትሎ መሆኑ ሲታወስ፣ ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚታየው ሰዓትና ቀን አንድ ጊዜ ጥያቄ የነበረ መሆኑ ይገባል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚተዳደሩ ፋብሪካዎችና የግል ድርጅቶች የሥራ ጊዜ ግን በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት በመሆኑ የአርቡ ዕረፍት በራሱ አይመጣላቸውም። ሙስሊሙ በሚበዛበት በዚህ ዞን፣ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ በተከፈተባት በጎረቤት ኮምቦልቻ፣ ፈረቃን አርብ ቀን በአንድ ሰዓት አሸጋሽጎ ሰዓቱን በሌሎች ቀናት ማካካስ የምርት ኪሳራ የለውም፤ የሥራ ልብስ ሲሰፋም ከማሽን ጋር የማይጠላለፍ የፀጉር መሸፈኛ አብሮ ቢሰፋ፣ ሂጃቧንና ደኅንነቷን እንድታማርጥ የምትገደድ ሠራተኛ አትኖርም። በተቃራኒው፣ አብላጫው ሙስሊም በሆነበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ጥቂት ክርስቲያኖች የጾም ወራትንና የስቅለትን ዕለት ማሰብ፣ የምሳ ግብዣ በሚኖርበት ጊዜም የሥጋውን ጉዳይ አስቀድሞ መነጋገር በወሎ ምድር አዲስ ነገር አይደለም፤ በሠርግና በለቅሶ ሁልጊዜ የሚደረግ ነው።

ምድር ቤትና ፎቅ

አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ መሣሪያውን፣ ሰዓቱን፣ አካባቢውንና የሥራውን አፈጻጸም እንዲያመቻች፣ አስፈላጊ ሲሆንም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ማመቻቸት አለማድረጉንም እንደ አድልዎ ይቆጥራል። ከዚህም አልፎ፣ አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ይህ ብዙ ኃላፊዎች የማያውቁት፣ ሲያውቁትም የሚደነግጡበት ድንጋጌ ነው። ማመቻቸት ሲባል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እንደሆነ የማሰብ ልማድ ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም። በዩናይትድ ስቴትስ በዚህ ጉዳይ አሠሪዎችን የሚያማክር አንድ ተቋም ለብዙ ዓመታት ከአሠሪዎች በሰበሰበው መረጃ መሠረት ከማመቻቸት እርምጃዎች ግማሽ ያህሉ ምንም ወጪ አላስወጡም። የአገሩ ሀብት ቢለያይም ምክንያቱ አንድ ነው፤ ክራንች የሚጠቀመውን ባለሙያ ጠረጴዛ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ መስማት ለተሳናት ሠራተኛ ትእዛዝን በጽሑፍ መስጠት፣ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ሰነዶችን በስልኩ እንዲያደምጥ በሶፍት ኮፒ መላክ የቤት ዕቃና የልማድ ለውጥ እንጂ የካፒታል በጀት ጉዳይ አይደለም። በአማራ ክልል ወሎ ተወልዳ በልጅነቷ ዓይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2005 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆና፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው ይህንኑ ጥያቄ ይዛ ነው።

መጸዳጃ ቤትና መወጣጫ ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ ስለሚያዝ፣ ጊዜው አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት ወይም ጥገና በሚካሄድበት ወቅት ነው፤ በዕቅድ ላይ የተጨመረ መወጣጫ ካለቀ ሕንፃ ላይ ከሚቀጠል መወጣጫ በብዙ ይረክሳል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ የደረሰው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ከሚሴን ያዳረሰው ጦርነት አካላቸው የተጎዳ ሰዎችን ትቶ ያለፈ በመሆኑ፣ በዚህ አካባቢ ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም።

ሴት ሠራተኞችን በሚመለከት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን፣ ችግሩ የሚጀምረው ፈቃዱ ሲያልቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ የነበረ ቢሆንም፣ ለአንድ ትንሽ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ብቻውን ማቆያ ማቋቋም አቅሙ አይደለም፤ በአንድ ግቢ ወይም በአቅራቢያ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ክፍል ለጋራ ሰጥተው፣ ከነባር የጽዳት መደቦች አንዱን ወደ ሕፃናት ተንከባካቢነት ቢቀይሩ ግን የሚቻል ይሆናል። ጾታዊ ትንኮሳን አስመልክቶ አቤቱታ የሚቀበለው የቅርብ አለቃው ብቻ ከሆነ፣ አለቃው ራሱ ተከሳሽ በሚሆንበት ጊዜ መንገዱ ይዘጋል፤ ከሌላ ክፍል የተመረጡ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አቤቱታ ተቀባይ ማድረግ የሚፈልገው አንድ የምደባ ደብዳቤ ነው።

ቅሬና አውራ አምባ

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በብዙ የወሎ መንደሮች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ሥር ሆነው፣ ሬሳው በየእምነቱ ሥርዓት ሲቀበር ውኃው፣ እንጨቱና ቁፋሮው በጋራ ይወጣል፤ መዋጮው በገንዘብ ካልሆነ በጉልበት ይከፈላል፣ የቀረ ደግሞ ይቀጣል። ለመሥሪያ ቤት የሚጠቅመው ከዚህ የሚገኘው ፍቅርና መቻቻል የሚለው የተለመደ ሙገሳ ሳይሆን የአሠራሩ ቅርጽ ነው፤ አባልነት በዘር ወይም በእምነት ሳይሆን በመንደር ይወሰናል፣ ግዴታው በስም ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ተራ ይዞ ይዞራል። የማይመቹ ተራዎችን፣ ማለትም የእሑድ ተረኛነትን፣ የቆላ ቀበሌ የመስክ ሥራንና ቃለ ጉባኤ መያዝን በዚሁ ዓይነት በግልጽ ዝርዝር ማዞር፣ ሁልጊዜ አዲሷ ወይም ከሌላ አካባቢ የመጣው ሠራተኛ ላይ እንዳይወድቁ ያደርጋል። የቅሬው አመራር ግን በአብዛኛው በወንዶች እጅ የሚገኝ በመሆኑ እንዳለ የሚቀዳ አርአያ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. የደረሰው ግጭት ደግሞ ነባር የአብሮነት ልማድ ብቻውን ሰላምን እንደማያስጠብቅ በግልጽ አሳይቷል።

በደቡብ ጎንደር ፎገራ የሚገኘው፣ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1960ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በሌላ አቅጣጫ ይመለከታል። መሬቱ ጠባብ፣ መተዳደሪያው በዋናነት ሽመና የሆነው ይህ ማኅበረሰብ፣ ሥራ በጾታ እንዳይከፋፈል ወስኖ ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ታርሳለች፣ ትሸምናለችም፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናት እንክብካቤም የራሱን ሥርዓት አበጅቷል። ይህን ያደረገው ሀብት ካገኘ በኋላ ሳይሆን በድህነትና በአካባቢው ጥላቻ መካከል ሆኖ መሆኑ፣ አካታችነት ከብልጽግና በኋላ የሚመጣ ቅንጦት ነው ለሚለው አባባል በቂ መልስ ነው።

ሥልጠና ወይስ ኃላፊነት

አነስተኛ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የብዝኃነት ሥልጠና መስጠት ባለመቻሉ ብዙ የቀረበት ሊመስለው ይችላል። አሌክሳንድራ ካሌቭ፣ ፍራንክ ዶቢንና ኤሪን ኬሊ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1971 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ የ708 የአሜሪካ የግል ድርጅቶችን መረጃ መርምረው የደረሱበት ግን የተለየ ነው፤ የአለቆችን አመለካከት ለመለወጥ የሚሰጥ ሥልጠና ሴቶችንና ጥቁሮችን ወደ ኃላፊነት በማምጣት ረገድ ውጤቱ ዝቅተኛ ሲሆን፣ ጉዳዩን በኃላፊነት የሚከታተል ሰው ወይም ኮሚቴ መሰየም ከሁሉ የበለጠ ውጤት ነበረው። የድሃ መሥሪያ ቤት ዕድል እዚህ ላይ ነው፤ ያልቻለው ውዱ እርምጃ ደካማው ሲሆን፣ የሚችለው ርካሹ እርምጃ ብርቱው ነው።

ኃላፊነት የተሰጠው ሰው በየሩብ ዓመቱ የሚቆጥረው ነገር ግን ከተለመደው ሠንጠረዥ መለየት ይኖርበታል። ስንት ሴት፣ ስንት አካል ጉዳተኛ፣ ስንት የየብሔሩ ተወላጅ አለ ከሚለው በተጨማሪ፣ ማን አመለከተ፣ ማን ተቀጠረ፣ ማን ሥልጠና ሄደ፣ ማን ውሎ አበል አገኘ፣ ማን ለቀቀ የሚለው መመዝገብ አለበት፤ በተለይ የሥልጠናና የውሎ አበል ዝርዝር ከየትኛውም መጠይቅ ይልቅ የመሥሪያ ቤቱን ትክክለኛ ገጽታ ያወጣል፣ መረጃውም በፋይናንስ ክፍሉ መዝገብ ውስጥ አስቀድሞ የሚገኝ ነው። የብሔር መረጃ በሚያዝበት ጊዜ በ2013 ዓ.ም. የተፈጠረው ፍርሃት ገና ያልበረደ መሆኑን በማሰብ፣ ቁጥሩ በድምር ብቻ እንዲቀርብና የግለሰብ መልስ በፈቃደኝነት እንዲሆን መደረግ ይኖርበታል።

በማመቻቸት ብቻ የማይገኙት ሁለቱ ነገሮች፣ የአፋርኛ አስተርጓሚው ቋሚ የሥራ መደብና መወጣጫው፣ በጥቅል በጀት ውስጥ ስማቸው ተጠቅሶ መግባት አለባቸው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በወረዳም ሆነ በከተማ አስተዳደር የሰው ሀብት ወይም የዕቅድ ሥራ የሚመራ አንባቢ ሁለቱን መስመሮች የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ከማጽደቁ በፊት በረቂቁ ላይ ያስገባ።